በጣና ላይ ስለ መናፈስ፤ ከፋሲል መዋኛ እስከ ጎርጎራ ወደብ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም «በመርከብ ላይ ስለሚደረግ ሽርሽርና መዝናናት አንድ የታሪክ ጽሑፍ ያቅርቡልን፤ ነገሩ ግን ከጎንደር ምድር እንዳይወጣ» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ጎንደር ከመርከብ ጋር ምን ያገናኛታል? ወደብ በሌላት አገር፣ ያውም በደጋ ከተማ! ይሁን እንጂ ጥያቄውን ይዤ ጥቂት ቀናት ከተመላለስኩበት በኋላ ሳቄ ቀርቶ፣ ጉዳዩ በእንግዳ መቀበልና በማስጎብኘት ሙያ ለተሰማራነው ለእኛ ለማኅበሩ አባላት ከሚመስለው በላይ የቀረበ መሆኑን ተረዳሁ። ጎንደር ባሕር አላት፤ ባሕሯም ጣና ነው። በዚህ ባሕር ላይ ሰው እንዴት ሲናፈስ እንደኖረ፣ ማን ሲናፈስ ማን ሲቀዝፍ እንደነበረ መመርመር፣ ዛሬ በሐይቁ ላይ ልንሠራ ስለምናስበው ሥራ ብዙ ነገር ያስረዳል።

ዘመን አቆጣጠሩ አንባቢን እንዳያደናግር አስቀድሜ ላሳስብ። የነገሥታቱንና ከውጭው ዓለም ጋር የተያያዙትን ዓመታት እ.ኤ.አ. በሚል ምልክት ሰጥቻለሁ፤ ዓ.ም. የተባለው የራሳችን አቆጣጠር ነው።

የሽርሽር መርከብ የሚባለው ነገር ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። መርከብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰውና ዕቃ ከአንድ ዳርቻ ወደ ሌላው ማድረሻ ብቻ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1891 በጥር ወር «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የምትባል የጀርመን መርከብ 241 መንገደኞች ይዛ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ወጥታ ሁለት ወር ያህል ስትዞር ቆይታ ተመለሰች። ይህንን ያሰበው አልበርት ባሊን የተባለው የሐምቡርግ የመርከብ ድርጅት ሰው ነው። ምክንያቱም የሚገርም አይደለም፤ በክረምቱ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ስለሚያንስ መርከቦቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ሥራ ፈትቶ የቆመ መርከብ ደግሞ እየበላ እንደሚተኛ በሬ ነው። ባሊን መድረሻውን ትቶ መንገዱን ራሱን ሸጠ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በእ.ኤ.አ. 1869፣ እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ መንገደኞችን ሰብስቦ በግብፅ የናይልን ወንዝ በእንፋሎት መርከብ አስጎብኝቶ ነበር። በኋላም ልጁ የራሱን መርከቦች አሠርቶ ሥራውን አስፋፋው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአውሮፓ ባለጸጋ ክረምቱን በናይል ላይ በወንበር ተደግፎ፣ ሻዩን እየጠጣ የጥንት ሐውልቶችን እያየ ያሳልፍ ጀመር። ያ መርከብ የሚንሳፈፍበት ውኃ ከየት እንደሚመጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከጣና የሚወጣው ዐባይ ነው። ውኃው ከእኛ ተነሣ፤ ሽርሽሩ ግን ከእኛ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ተደራጀ። ይህንን የምጽፈው ለቁጭት አይደለም። በእኛ በኩልስ በውኃ ላይ የሚደረግ መናፈስ ምን መልክ ነበረው? የሚለውን ለመጠየቅ ያህል ነው።

ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነገሥታቱ ዓይን በሐይቁ ላይ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በደንብያ ምድር፣ ጣና ወደ ሰሜን በሚያበቃበት በጎርጎራ ከተማቸውን አድርገው ነበር። የስፔን ተወላጅ የሆነው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ጳኤዝ በዚያ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራላቸው፤ ራሱም በእ.ኤ.አ. 1622 በጎርጎራ ሞተ። ውኃው ዳር የቆመው የዚያ ዘመን ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ማርያም ግምብ እየተባለ ይታያል። ሱስንዮስ ሌላም ነገር ነበራቸው። በአዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ በተባለው ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የአትክልት ሥፍራና የውኃ ኩሬ ጭምር አሠርተው ነበር። ይህንን ሚስዮናውያኑ በጽሑፍ ከመተዋቸውም በላይ፣ በቅርብ ዓመታት የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በቁፋሮ መርምረውታል። ስለዚህ በጎንደር ዙሪያ ውኃን ገድቦ በአጠገቡ መናፈስ ከከተማይቱ ዕድሜ የሚቀድም ልማድ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ይህም ልማድ ሙሉ መልኩን ያገኘው በልጃቸው በዐፄ ፋሲል ስም በሚጠራው መዋኛ ነው። ዐፄ ፋሲል በእ.ኤ.አ. 1632 ነግሠው በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። መዋኛው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ይገኛል። ጎንደርን ላልረገጠ አንባቢ አሠራሩን ልግለጥ። ዙሪያውን የድንጋይ አጥር ከበውታል፤ በአጥሩም ላይ ትናንሽ ግንቦች ቆመዋል። በመካከል 50 ሜትር በ30 ሜትር የሚያህል ኩሬ አለ። በኩሬው ውስጥ ደግሞ ባለ ፎቅ የሆነ ቤት በቅስቶች ላይ ተነሥቶ ቆሟል፤ ወደ ቤቱ የሚገባው ከዳር በተዘረጋ የድንጋይ ድልድይ ነው። ውኃው ከቀሃ በቦይ ተጠልፎ ይገባል፤ ኩሬው እስኪሞላም ቀናት ይፈጅበታል። የጥንት ዛፎች ሥሮቻቸውን በአጥሩ ላይ አውርደው ድንጋዩን እንደ እባብ ጠምጥመው ይዘውታል።

ይህንን ቤት ባየሁ ቁጥር ለእኔ የሚመስለኝ መልሕቋን ጥላ የቆመች መርከብ ነው። ዙሪያዋን ውኃ ከቦአታል፤ መውጫዋ አንድ ድልድይ ነው፤ ከሰገነቷ የሚመለከት ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው ውኃ ነው። የጎደላት መሄድ ብቻ ነው። ንጉሡ ከከተማው ሁካታ፣ ከችሎትና ከጦር ዝግጅት ወጥቶ ለጥቂት ሰዓት በውኃ መካከል ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነው። የዛሬው የሽርሽር መርከብ የሚሰጠውም ደስታ ከዚህ የተለየ አይደለም። መንገደኛው ለገንዘቡ የሚያገኘው ዋናው ነገር መኝታውና ምግቡ ሳይሆን፣ ከየብስ ተለይቶ ማንም ሊደርስበት የማይችል መሆኑ ነው።

ነገር ግን የፋሲል መዋኛ ታሪክ በዚህ አላበቃም። የንጉሥ መናፈሻ የነበረው ቦታ የሕዝብ ሆነ። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው በዚያ ያድራሉ፤ በማግሥቱ ማለዳ ካህናቱ ውኃውን ከባረኩት በኋላ ወጣቱ ከአጥሩና ከዛፉ ላይ እየዘለለ ይገባበታል። በዚያች ማለዳ በኩሬው ውስጥ ያለውን ጩኸት፣ ሳቅና መረጫጨት ያየ ሰው «ይህ ጸሎት ነው ወይስ ጨዋታ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሁለቱም ነው። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በእ.ኤ.አ. 2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ ፋሲል ግቢ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ የሚገኝ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ከመዝገቡ የሚበልጠው ቁም ነገር፣ አንድ ሰው ሊናፈስበት የተሠራ ውኃ ከጊዜ በኋላ ለሺህ ሰው ደስታ መብቃቱ ነው። በዚህ በውኃ ጨዋታ ረገድ ጎንደሬ ከንጉሡ ይልቅ ለጋስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከፋሲል በኋላ የነገሡት መዝናኛቸውን በአብዛኛው በግቢው ውስጥ አደረጉት። ከእ.ኤ.አ. 1716 እስከ 1721 የነገሡት ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ የዜማ ቤት የሚባለውን አዳራሽ አሠሩ፤ ተከታያቸው ዐፄ በካፋ ታላቁን የግብር አዳራሽ ሠሩ። ዳግማዊ ኢያሱ ደግሞ በአደን፣ በጌጣጌጥና በውጭ ባለሙያዎች ሥራ ቤተ መንግሥታቸውን በማስዋብ ስለተጠመዱ የከተማው ሰው ይተርብባቸው ነበር። ስማቸውን ለማስመለስ በእ.ኤ.አ. 1744 ወደ ስናር ዘመቱና በድንድር ወንዝ አጠገብ ድል ሆነው ተመለሱ። የጎንደር ሰው ፌዝ ንጉሥን ጦር ሜዳ ድረስ ይነዳ ነበር ማለት ነው። ይህ የግቢው ወሬ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚጠይቅ አልፈዋለሁ።

ሐይቁ ግን አልተረሳም ነበር። ይልቁንም ለጎንደር ነገሥታት ጣና መሸሸጊያና ማረፊያ ነበር። ታላቁ ኢያሱ (እ.ኤ.አ. 1682–1706) በጣም ይወዷት የነበረችው ቅድስተ ክርስቶስ በሞተች ጊዜ፣ ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ጣና ደሴት ሄደው ከመንግሥት ሥራ ራቁ። በዚያ መካከል ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በጎንደር ዘውድ ጫነ። አባትዮው በደሴቱ ላይ እንዳሉ በ1706 ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም በምጽራሐ ደሴት ተቀበረ። ዐፄ ፋሲልም ቢሆኑ በአዘዞ ከሞቱ በኋላ የተቀበሩት ባሠሩት ከተማ ሳይሆን በጣና መካከል በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። አስከሬናቸውም ከሌሎች ነገሥታት አስከሬን ጋር እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛል። በመዋኛው ስማቸው የሚጠራው ንጉሥ የመጨረሻ ጉዟቸው በታንኳ በሐይቁ ላይ የተደረገ ጉዞ ነበር። ዛሬ እንግዶቻችንን ወደ ዳጋ ስንወስድ ይህንን ብንነግራቸው፣ ጀልባው ላይ ያለው ሳቅ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። እኔ ሞክሬው አውቃለሁ። በነገራችን ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ሴቶቹ እንግዶች ዳር ቆመው ወይም ጀልባው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ይህ በመርሐ ግብር ውስጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይታሰብበትም።

እነዚህን ሁሉ ነገሥታት፣ መነኮሳትና ታቦታት በሐይቁ ላይ የተሸከመው ምን ነበር? ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ታስሮ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዲታጠፍ ይደረጋል፤ በመካከሉም ሌላ ነዶ ይነጠፍና ሰውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ደረቅ ተስቦ ይሰጣል፤ እንዲያም ተይዞ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ስለሚናወጥ ታንከኛ መንገዱን በማለዳ ይጀምራል። ይህንን ጥበብ ይዘው የቆዩት በተለይ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ወይጦዎች ከቀድሞ ጀምሮ ጉማሬ እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱና ታንኳ እየሠሩ የኖሩ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም ነበር። እንግዲህ የጣና ታሪክ አንዱ እንቆቅልሽ ይህ ነው፤ መነኩሴውም ባለሥልጣኑም ወይጦው በሠራት ታንኳ ይሻገራል፤ ወይጦው ግን ከማዕዱ ተገልሎ ይኖራል። በሐይቁ ላይ ስለ መዝናናት ስንናገር ታንኳይቱን አድንቀን ሠሪውን ብንረሳ ያው የቆየውን ልማድ በአዲስ መልክ መድገም ይሆናል።

ጣናን እየዞረ ደሴቶቹን ሁሉ በማየት የታወቀው የውጭ ሰው በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ነው። በእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መጀመሪያ በታንኳ እየተጓዘ የሐይቁን ዳርቻና ገዳማቱን መረመረ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። በሥራ ምክንያት የተደረገ ጉዞ ይሁን እንጂ የእርሱን ዓይነት ዙረት ዛሬ አንድ የጉዞ ድርጅት ቢያዘጋጀው እጅግ ውድ ዋጋ ይጠየቅበት ነበር። መጽሐፉ ከመታተሙ ከአንድ ዓመት በፊት ጣልያን አገራችንን ወርሮ ነበር። ወራሪው ጎርጎራን ወደብ አድርጎ፣ ከጎንደር ጋር በመንገድ አገናኝቶ፣ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ አሠማራ። በጎርጎራ ኮረብታ ላይ ያቆመው ሐውልት ዛሬም ቆሞ ይታያል። ለጦርና ለንግድ የታሰበ ሥራ ነበር፤ ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ ግን መንገዱና ወደቡ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን የጣና መርከብ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ግን ልተርክ። መርከቡ ለረጅም ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ እሑድ ጠዋት በ1 ሰዓት ከባሕር ዳር ይነሣና ዘጌን፣ ደቅን እየነካ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ይሻገር ነበር። ቁንዝላ ላይ ያድር ነበር። በማግሥቱ በደልጊ በኩል አድርጎ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ይደርስ ነበር። በመንገድ ቢሆን ባሕር ዳርና ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። በመርከቡ ግን አንድ ቀን ተኩል ይፈጅ ነበር። የቸኮለ ሰው አይሄድበትም ነበር።

እኔ ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ሄጄበታለሁ። ከባሕር ዳር ስንነሣ ከላይ ጥቂት የውጭ አገር እንግዶች፣ ከታች ደግሞ ጆንያ፣ ዶሮ፣ ቆርቆሮ፣ የለስላሳ ሣጥንና ባለቤቶቻቸው ነበሩ። እንግዶቹ መጀመሪያ ከላይ ተቀምጠው ይብ ይሉ የነበሩትን ፔሊካኖች ፎቶግራፍ ሲያነሡ ቆዩ። ከዘጌ በኋላ ግን አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ምክንያቱም ጨዋታው ከታች ነበር። አንዲት እናት ድፎ ዳቦ ከአገልግል አውጥተው ለማንም ሳይሉ ለሁሉም ይቆርሱ ነበር። ቁንዝላ በሬ ሊገዛ የሚሄድ ነጋዴ ስለ ከብት ዋጋ ሲከራከር፣ ወዲያ ማዶ ያለ ወጣት ደግሞ እያሾፈ ያቀጣጥለዋል። በደሴት አጠገብ ባለፍን ቁጥር ወሬው ሁሉ ይቋረጣል፤ ሰው ተነሥቶ ያማትባል፤ ከዚያም ወሬው ከቆመበት ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና መርከቡ መናጥ ሲጀምር ነጋዴው ዝም አለ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ትከሻዬን ነካ አድርገው «አይዞህ ልጄ፤ ጣና የሚያስፈራራው እንግዳውን ነው» አሉኝ። «እርስዎስ አይፈሩም አባቴ?» ብላቸው፣ «እኔማ አርባ ዓመት ሙሉ ስፈራው ኖሬ ለመድኩት» ብለው አሳቁኝ።

ቁንዝላ ስናድር የመርከቡ ጉዞ ሁሉ ወደ ጠላ ቤት ተዛወረ። እንግዶቹም፣ ነጋዴዎቹም፣ የመርከቡ ሠራተኞችም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። እዚያ ያየሁትን መዝናናት ያዘጋጀው ማንም አልነበረም። የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ፣ የሙዚቃ ባንድ፣ መርሐ ግብር አልነበረም። መርከቡ ስለሚቆም፣ ሲቆምም የአገሩ ሰው ስለሚወጣና ስለሚገባ ብቻ የተፈጠረ ነበር። በፋሲል መዋኛና በባሊን መርከብ ደስታው የሚገኘው ከሰው ተለይቶ ነው፤ በጣናው መርከብ ግን ደስታው ከየወደቡ እየተሳፈረ ነበር የሚመጣው። ዳርቻው ራሱ መርከቡ ላይ ይወጣል ማለት ነው። በሙያዬ ዘመን ብዙ የተዘጋጀ መዝናኛ አይቻለሁ፤ የዚያችን ሌሊት የሚያህል ግን አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኛ ባለሙያዎች ለዚህ መርከብ የሰጠነው ቦታ ግን እጅግ ትንሽ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1961 የቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲቋቋም፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን የሚያያይዘው ታሪካዊ መስመር ለውጭ እንግዶች ይተዋወቅ ጀመር። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውም መፈክር በዚያው ዘመን ተስፋፋ። ብልህ ሥራ ነበር፤ እንጀራችንንም ያገኘነው ከዚያ ነው። ነገር ግን መስመሩ በአውሮፕላን የተዘረጋ መስመር ነበር። እንግዳው ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎንደር ሲወርድ ጣናን ከላይ በመስኮት ያየዋል። በባሕር ዳር በኩል ወደ ዘጌና ወደ ቅርብ ደሴቶች በሞተር ጀልባ ግማሽ ቀን ይወሰዳል፤ ተመልሶ ሆቴሉ ይገባል። የሰሜኑ ዳርቻ፣ ማለትም ጎርጎራ፣ የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች፣ የማርያም ግምብ ፍርስራሽ፣ በብዙዎቻችን መርሐ ግብር ውስጥ «ጊዜ ከተረፈ» በሚለው ረድፍ ይገባ ነበር። ጊዜ ደግሞ ተርፎ አያውቅም። ጎንደር ከባሕሯ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በአእምሯችን ግን ባሕሩን ለባሕር ዳር ሰጥተን ግንቡን ለጎንደር አስቀረን።

ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ላይ ብዙ ነገር ደረሰ። መንገዱ በመሻሻሉ መንገደኛውና ጭነቱ ወደ መኪና ዞሩ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ታየ፤ በደንብያና በጎንደር ዙሪያ በኩል ውኃውን እንደ ሣር ሜዳ ሸፈነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን፣ ታንከኛው መንገዱን አጣ። በ2010 ዓ.ም. ገበሬውና ተማሪው በሺህ እየሆነ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያየን ሁሉ አንረሳውም። ቀጥሎም የወረርሽኙ ዘመን፣ ጦርነቱና በክልሉ የተነሣው ግጭት እንግዳን ከደጃፋችን አራቁት። ይህንን እናንተው ስለምታውቁት አላራዝመውም።

በዚህ መካከል ግን ለጎርጎራ ያልታሰበ ነገር መጣለት። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ጎርጎራ ሆነና በሐይቁ ዳር ትልቅ የመዝናኛ ሥፍራ ተሠራ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጣናነሽ 2 የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ ወራት በፈጀ የየብስ ጉዞ በትልቅ ተሳቢ ተጭና ወደ ባሕር ዳር መጣች። በየከተማው ሰው እየወጣ በአስፋልት ላይ የምትሄደውን መርከብ ሲመለከት ነበር። ከ180 በላይ ሰው እንደምትይዝ ተነግሯል። ስለዚህ በጣና ላይ የሽርሽር መርከብ የሚለው ነገር ለጎንደር ሰው ከእንግዲህ የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም።

የእኔ ስጋት መርከቧ ትልቅ በመሆኗ አይደለም፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ስጋቴ ከሁለቱ ውርሶቻችን የትኛውን እንደምንመርጥ ነው። የንጉሡን መዋኛ ወርሰን፣ እንግዳው ከመዝናኛ ሥፍራው ወደ መርከቧ፣ ከመርከቧ ወደ መዝናኛ ሥፍራው ሳይረግጥ እንዲያልፍ ብናደርግ ቀላል ነው፤ ገንዘቡም ቶሎ ይገኛል። የቁንዝላውን መርከብ ብንወርስ ግን ሥራው ይበዛል። የትንንሾቹ ወደቦች መውረጃ መጠገን፣ የጉዞው ሰዓት ከገበያው ቀን ጋር መስማማት፣ ለአገሩ ሰው የሚቀመስ ዋጋ መውጣት አለበት። ታንኳ የሚሠራው ሰው ለፎቶግራፍ መቆሚያ ሳይሆን የሙያ ባለቤት ተደርጎ ድርሻውን ማግኘት አለበት። ደቅ ላይ ማንጎና ጌሾ የምትሸጥ ሴት፣ ደልጊ ላይ ጆንያ የሚያወርድ ወጣት የመዝናኛው አካል እንጂ የመዝናኛው እንቅፋት ተደርገው መታየት የለባቸውም። ከሆቴል ኪሳራና ትርፍ አንጻር የሚያስቡ ባልደረቦቼ «ይህ የትራንስፖርት ድርጅት ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም» ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ይሁን። ነገር ግን ያ የዳቦ መቁረስ፣ ያ የበሬ ክርክር ከመርከቡ ከወረደ በኋላ በምን ደመወዝ ቀጥረን እንደምንተካው እስካሁን የነገረኝ የለም።

ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወደ ጎርጎራ ወርጄ ነበር። በድሮው መውረጃ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በታንኳ ያመጡትን የማገዶ እንጨት እያወረዱ አገኘኋቸውና ስለ አዲሷ መርከብ ምን እንደሰሙ ጠየቅኋቸው። ስለ መብራቷም፣ ስለ ፎቋም፣ ስለ ምግብ ቤቷም ሰምተዋል። እንጨቱን ጥለው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «ለመሆኑ ጌታው፣ ደልጊ ትቆማለች?» አሉኝ። ልጃቸው እዚያ ነው የተዳረችው።